የሁለት ቁጥር ጥይት

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ሴትዮዋ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ ከሱቋ በራፍ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ቢላ መዞ የመጣበትን ሌባ ክንዱን በሽጉጥ መታው። ጥይቱ ግን ሌባው ላይ አልቆመም። ክንዱን በስቶ አለፈ፤ የሱቁን የጣውላ ግድግዳ በስቶ አለፈ፤ ሄዶ ሄዶ የልብስ ሰፊዋ ዳሌ ውስጥ ገባ። ሌባው በሳምንቱ ክንዱን በፋሻ ታስሮ ከሆስፒታል ወጣ። እሷ ሦስት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ነፍሷ ተረፈች፤ ያለ ከዘራ መሄድ ግን ቀረ።

ተኳሹ ፖሊስ የሳጅኗ ታናሽ ወንድም ነበር።

ሳጅኗ የፖሊስ መምሪያው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቁልፉ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ጓደኞቿ በሌለችበት «እሜቴ ቁልፍ» ይሏታል። ጠርጣራ ናት። ፈረቃውን ጨርሶ ሽጉጥ የሚመልስ ሰው «ባዶ ነው» ብሎ ቢምልላት ራሷ ከፍታ፣ ጣቷን አስገብታ፣ ወደ ብርሃን አዙራ ካላየች አታምንም። ለሥራዋ እንዲህ ያለ ጠባይ ወርቅ ነው። ለቤት ግን ይከብዳል። ወንድሟ አንዳንዴ ሲበዛበት «እትዬ፣ አንቺ እኮ የራስሽን ጥላ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይላታል።

ከዚያ አደጋ ወዲህ ግን ቀልድ ርቆት ነበር። በየእሑዱ ልብስ ሰፊዋን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ተመልሶም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ምርመራው ነጻ አውጥቶታል፤ ተኩሱ ተገቢ ነበር፣ ዒላማውንም አልሳተም። ጥፋቱ የጥይቱ ነው ተባለ። መምሪያው ለዓመታት ሲያድል የኖረው ድፍን አፍንጫ ያለው ጥይት ነበር፤ እንዲህ ያለው የሰው ገላ ውስጥ ገብቶ እንደ መርፌ ስለሚሾልክ ከኋላ ያለውን ሰውም አይምርም። ስለዚህ አፍንጫው ክፍት የሆነ፣ ገላ ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ ፈንድቶ ባለበት የሚቆም ጥይት እንዲመረጥ ታዘዘ።

መራጮቹ አራት ነበሩ። ሰብሳቢው የአቅርቦት ኃላፊው ኮማንደር ነው፤ ሰዓቱን እያየ የሚያወራ፣ ስብሰባ የማይወድ ሰው። ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊዋን በገዛ እጇ ቀዶ ያከመችው የፖሊስ ሆስፒታል ዶክተር ነች። ሦስተኛው የተኩስ አሠልጣኙ ሲሆን፣ ሠላሳ ዓመት ምልምል ሲያስተኩስ ስለኖረ ትልቅ ትንሹ «ጋሼ ዒላማ» ይለዋል። አራተኛዋ ሳጅኗ ራሷ ናት። ወንድሟ ያለበት ጉዳይ ነውና ልትወጣ ጠይቃ ነበር። ኮማንደሩ ግን «እሱን የማያውቅ የለም፤ የታወቀ ነገር አያሰጋም» ብሎ አስቀራት።

ጋሼ ዒላማ ለሳጅኗ እንደ አባት ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ምልምል ሳለች፣ ሽጉጥ በተኮሰች ቁጥር ዐይኗን ትጨፍን ነበር። ሌሎቹ አሠልጣኞች ተስፋ ቆርጠው ወደ ጽሕፈት ሥራ ሊልኳት ሲሉ፣ እሱ ነው አንድ ሳምንት ሙሉ ከምሳ ሰዓቱ እየቀነሰ ያስተማራት። «ዐይንሽን የምትጨፍኚው ፈርተሽ አይደለም፣ ድምፁን እየጠበቅሽ ነው። አትጠብቂው፤ ሳታስቢው ይምጣ» ይላት ነበር። እስከ ዛሬም «ልጄ» ብሎ ነው የሚጠራት።

ሦስት ነጋዴ ወኪሎች ናሙና ይዘው በአንድ ቀን ጠዋት መጡ። ሳጅኗ በር ላይ ሆና መታወቂያቸውን አይታ አሳለፈቻቸው። አንደኛው የወርቅ ጥርስ ያለው፣ በሳቀ ቁጥር የሚያበራ፣ ወፈር ያለ ሰውዬ ነበር። ናሙናው የማን እንደሆነ ፈታኞቹ እንዳያውቁ፣ ኮማንደሩና ዶክተሯ ሁለቱ ብቻ በር ዘግተው ጥይቶቹን ምንም ጽሑፍ ወደሌለባቸው ነጭ ሣጥኖች ገለበጡና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቁጥር ሰጧቸው። እያንዳንዱ ነጋዴ ስሙን በወረቀት ጽፎ ከናሙናው ጋር አሽጎ ሰጥቶ ነበር፤ እነሱም ሳይከፍቱ ቁጥሩን ብቻ ላዩ ላይ ጻፉበት፤ ወረቀቶቹም ሆስፒታል፣ በዶክተሯ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቀመጡ። ነጮቹን ሣጥኖች ግን መተኮሻ ሜዳው ላይ ባለ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። የዚያ ቁም ሣጥን ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ በሳጅኗ አንገት፣ ሌላው በጋሼ ዒላማ ኪስ።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ዒላማ ከእያንዳንዱ ሣጥን አንድ አንድ ካዝና ሞልቶ ተኮሰ። ይህ ጥይቱ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ሽጉጡ ይነክስ እንደሆነ፣ ቀለሁን በትክክል ይተፋ እንደሆነ ለማየት ነው። ሁለት ቁጥርን ተኩሶ እንደጨረሰ የጆሮ መከላከያውን አወለቀና ቀኝ አንጓውን እያሻሸ ፈገግ አለ።

«እኔን ከጠየቃችሁኝ ይኸው ነው። ሁለት ቁጥር።»

«ገና ጄሉ ላይ እንኳ አልተተኮሰ!» አለች ሳጅኗ።

«ጄሉ ምን ይጨምርልኛል? ጥይት እጄ ላይ ነው የሚነግረኝ።»

ኮማንደሩ ሳቀ። ሳጅኗ አልሳቀችም። ሦስተኛው ሣጥን ሳይተኮስ፣ አንድ ጥልቀት ሳይለካ፣ ሰው እንዴት አፉን ሞልቶ «ይኸው ነው» ይላል? ነገሩ አልጣማትም።

ከዚያ ወደ ጄሉ ተሻገሩ። ጄሉ እንደ ሰው ሥጋ ልል ሆኖ የሚሠራ፣ ከቁርበትና ከአጥንት ከሚወጣ ዱቄት የሚበጠበጥ፣ በፍሪጅ ቀዝቅዞ የሚረጋ፣ መስታወት የመሰለ ትልቅ ጡብ ነው። ሳጅኗ ናት የምትበጠብጠው። ጥይቱ ጄሉ ውስጥ ገብቶ ሲቆም ጥልቀቱ በማስመሪያ ይለካል። ከሠላሳ ሳንቲሜትር ካነሰ አደገኛ ሰው አያስቆምም፤ ከአርባ አምስት ካለፈ ደግሞ ከኋላ የቆመ ሰው ላይ ይደርሳል። አንድ ቁጥር ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። ሁለት ቁጥር አርባ አራት፣ አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ሦስት ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ።

«ሦስተኛው ደህና ነው» አለች ዶክተሯ።

«ደህና ነው፣ ግን ይራገጣል» አለ ጋሼ ዒላማ። «ትንሽ እጅ ያላቸው ልጆች አሉን። እነሱንም አስቡ። እስቲ ነገ በልብስ ላይ እንየው።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሳጅኗ የጫማዋን ሶል ልታስለጥፍ ከመምሪያው ጀርባ ወዳለው ጎዳና ወጣች። ከጎማ ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት አለች። በመስኮቷ ውስጥ ሁለት ሰዎች ግንባር ለግንባር ሊጋጩ እስኪደርሱ ተጠጋግተው ያወራሉ። አንደኛው ጋሼ ዒላማ ነው። ሌላው አፉን ሲከፍት ጥርሱ አበራ።

ሳጅኗ ቆማ አየች። ጋሼ ዒላማ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ አንድ ነገር ይናገራል፤ ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል። ሊለያዩ ሲሉ ሰውዬው የጋሼ ዒላማን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። እሷ ጎማ ከተቆለለበት ኋላ ገባች። ሃያ ዓመት የምታውቀው ሰው በፊቷ ሲያልፍ እንደ ሌባ ተሸሸገች፤ ማን ከማን መሸሸግ እንደነበረበት እንኳ ግራ ገባት።

ከሰዓት በኋላ በልብስ ላይ ያለው ፈተና ተጀመረ። ጄሉ ፊት ለፊት አራት ድርብ ጨርቅ ተወጠረ። ጄሉ በልክ የረጋ መሆኑን ለማረጋገጥ በየጡቡ ላይ መጀመሪያ በአየር ጠመንጃ አንዲት የብረት ፍሬ ይተኮሳል፤ ፍሬዋ ስምንት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ከገባች ጡቡ ደህና ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ጡብ ደህና ሆነ። ደመና እየከበደ ነበርና ኮማንደሩ ሰዓቱን አየ።

«ሁሉንም ልትወጊ ነው?»

ሳጅኗ ዐይኗ ከጋሼ ዒላማ እጅ ላይ አልተነቀለም። «የአንድ ቀን ብጥብጥ ነው፤ አንዱን ካየን ይበቃል» አለች።

አንድ ቁጥር ሃያ ዘጠኝ ገባ። ሁለት ቁጥር ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ሰባት፣ እንደገና ሠላሳ ስምንት። ሦስት ቁጥር አርባ ሁለት።

«አላልኳችሁም?» አለ ጋሼ ዒላማ።

ሳጅኗ ማስመሪያዋን ይዛ ደነዘዘች። ክፍት አፍንጫ ጥይት በልብስ ውስጥ ሲያልፍ አፍንጫው በጨርቅ ይወተፋል፤ ስለዚህ ደህና አይፈነዳም፣ የበለጠ ጠልቆ ይሄዳል። አንድ ቁጥርም ሦስት ቁጥርም ጠልቀው ሄዱ። ሁለት ቁጥር ብቻ ትናንት ባዶውን አርባ አምስት የገባው፣ ዛሬ ከነጨርቁ ሰባት ሳንቲሜትር አጠረ። እንዲህ ያለ ተአምር አይታ አታውቅም። የትናንቱ ጥይትና የዛሬው ጥይት አንድ አይደሉም። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን አንድ ሰው ለውጦታል። ቁልፉ ደግሞ ሁለት ነው።

ማታ ራት ላይ ወንድሟ ሾርባውን እያማሰለ አየት።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ምግቡን እንደ ተጠርጣሪ ነው የምታይው።»

«ጋሼ ዒላማን እንዴት ታየዋለህ?»

«እሳቸውን? ቅዱስ ናቸው እንጂ! ያ ነገር የደረሰብኝ ቀን ቤት ድረስ መጥተው ሳይናገሩ ሁለት ሰዓት አብረውኝ የተቀመጡ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«ሰው ይለወጣል።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስሚኝ። ያንን ጥይት ወገቤ ላይ የምታጠቀው እኔ ነኝ። ሌላ ሴት እንዲህ እንድትሆን አልፈልግም። የጠረጠርሽው ነገር ካለ ተናገሪ። ግን እርግጠኛ ሁኚ።»

«እርግጠኛ ነኝ» አለች። የሻይ ቤቱ መስኮት በዐይኗ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፋ የኮማንደሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ያየችውን ሁሉ አሰፈረች፤ ቀድሞ መናገሩን፣ ሻይ ቤቱን፣ ቁልፉን፣ ያጠረውን ጥልቀት። የወርቅ ጥርሱ ሰውዬ የሁለት ቁጥር ወኪል ነው ብላ አልጻፈችም፤ አታውቅምና። ግን ያነበበ ሁሉ እንዲያ እንዲገባው አድርጋ ነው የጻፈችው። ኮማንደሩ ሁለቴ አነበበው፤ ፊቱን አጠቆረ።

«ይህ ቀልድ አይደለም። ትፈርሚበታለሽ?»

«ፈርሜበታለሁ።»

ጋሼ ዒላማን ምልምሎቹን አሰልፎ ቆሞ ሳለ አገኙት። ኮማንደሩ ጉዳዩ እስኪጣራ ከኮሚቴው መታገዱን ነገረውና የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ጠየቀው። ሽማግሌው መጀመሪያ የገባው አልመሰለም። ከዚያ ኮማንደሩን ትቶ ከኋላ የቆመችውን ሳጅን አያት። ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ሞከረ፤ አንጓው አልታዘዘውም፤ ሲታገል ቁልፎቹ ሁሉ መሬት ላይ ተበተኑ። ከምልምሎቹ አንዷ ሮጣ ለቀመችለት። ሳጅኗ አጎንብሳ ልትረዳ እንኳ አልደፈረችም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ደወለችላት።

«ኮማንደሩ አዞኝ የታሸጉትን ወረቀቶች ከፈትኳቸው። ያ የወርቅ ጥርሱ ሰውዬ የማን ወኪል እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የሁለት ቁጥር።»

«የአንድ ቁጥር ነው። የወደቀው።»

ሳጅኗ ስልኩን ከአንድ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ደግሞ ሌላም አለ» አለች ዶክተሯ። «ሣጥኖቹን ስናሽግ በየጥይቱ ቂጥ ላይ በቀለም ነጥብ አድርገን ነበር። ከእኔና ከኮማንደሩ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን ሄደን አየናቸው። የተረፉትም፣ የተተኮሱት ቀለሆችም ነጥባቸው አለ። አንድ ጥይት አልተለወጠም።»

ከሰው አንድ ጊዜ የገባ ጥርጣሬ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ሳጅኗ ስልኩን ዘግታ የመጀመሪያ ሐሳቧ ስለ ጋሼ ዒላማ አልነበረም። «ታዲያ ኮማንደሩ ይሆን?» አለች በሆዷ። ነጥቡን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሲያጣድፍ የነበረው እሱ ነው፤ ሰዓቱን የሚያየው እሱ ነው። ዶክተሯስ? ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ስታብሰለስል ሰነበተች፤ መተላለፊያው ላይ ሰላም ያላትን ሰው ሁሉ ዐይን ዐይኑን ታያለች። ወንድሟ ራሱ ሊያናግራት ፈራ።

ቅዳሜ ጠዋት ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። የተረፉትን የጄል ጡቦች ልትጥል ፍሪጁን ከፈተች። ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት አወጣች፤ ጥርት ያሉ ናቸው። ከታችኛው ሦስተኛውን ስትስብ ጀርባው ከፍሪጁ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አልመጣ አላት። በመፈንቀያ አላቀቀችው። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ውስጡ ነጫጭ ክር የመሰለ በረዶ ሠርቷል። በጣቷ ተጫነችው፤ እንደ ላይኞቹ አልሰረጎደም።

ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩት የሁለት ቁጥር ጡቦች ናቸው። በገዛ እጇ ነው የደረደረቻቸው፤ እንዳይቀላቀሉ ብላ።

የአየር ጠመንጃውን አወረደች። ጡቡን ከግቢው ግድግዳ ሥር አስቀምጣ አንዲት የብረት ፍሬ ተኮሰች። አራት ሳንቲሜትር ተኩል። ደግማ ተኮሰች። አራት ከምናምን። የላይኞቹ ላይ ተኮሰች፤ ስምንት ተኩል። ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ቁጥር ከነጨርቁ ያጠረው ጥይት ስለተለወጠ አይደለም፤ ጡቡ ግማሽ በረዶ ስለነበረ ነው። አንዲት ፍሬ ብትተኩስበት ኖሮ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። «አንዱን ካየን ይበቃል» ያለው ደግሞ ጋሼ ዒላማ አይደለም።

የጥይት ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ማንም አላያትም። ጡቡን ፀሐይ ላይ ብትተወው በሰዓት ውስጥ ቀልጦ ውሃ ይሆናል፤ ሪፖርቱም «አልተረጋገጠም» ተብሎ ይዘጋል፤ ሽማግሌው ይመለሳል። ማን ይጠይቃታል? ሰው ሁሉ ላይ ስታነጣጥር የከረመች ሴት፣ አንድም ቀን ወደ ራሷ አለማየቷን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ግን ሁለት ቁጥር ደግሞ አለ። በትክክለኛ ጡብ ላይ ስንት ይገባል? የወንድሟ ወገብ ላይ ሆኖ፣ የማን ሱቅ ግድግዳ ላይ ይደርሳል?

ጡቡን ወደነበረበት ታችኛው መደርደሪያ መልሳ ወረቀት አወጣች።

ኮማንደሩ ሁለተኛውን ሪፖርት ሲያነብ ሰዓቱን አላየም። «አሁን ይህን ምን ላድርገው?» አላት። «በቀደም የጋሼን ስም አጥፍተሽ ጻፍሽ። ዛሬ የራስሽን። ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂና ዝም ብለን ፈተናውን እንድገመው።»

«ዝም ብለን ከደገምነው፣ ጋሼ በዝምታ ተጠርጥረው ይቀራሉ።»

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል።»

«ይጻፍ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሼ ዒላማ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ድሮ አንገቷን አቅፋ ትስማት የነበረች ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«እሱ ተኝቷል።»

«እጠብቃለሁ፣ እትዬ።»

«አስገቢያት» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ አንጓው በመለጠጫ ፋሻ ተጠቅልሏል። ተቀመጪ አላላትም፤ እሷም ቆማ ነው የተናገረችው። በረዶውን፣ ሳትተኩስ የቀረችውን የብረት ፍሬ፣ ሁለተኛውን ሪፖርት፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አለች።

እሱ በግራ እጁ የፋሻውን ጫፍ አጠበቀ።

«ስለ ሻይ ቤቱ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አላት። «ጎማው ኋላ አይቼሻለሁ እኮ። ትመጣለች፣ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ።»

ሳጅኗ መሬት መሬት አየች፤ እሱ ቀጠለ።

«የሰውዬው ልጅ ልጄን ሊያገባ ነው። ወኪል መሆኑን ያወቅኩት ናሙናው ሲመጣ ነው። ሻይ ቤት የጠራሁት፣ ይህ ነገር እስኪያልቅ ቤቴ ድርሽ እንዳትል፣ ስለ ጥይትም አንዲት ቃል እንዳታነሳ ልለው ነው። እሱም አላነሳም፤ ጨዋ ሰው ነው።» እጁን አነሳ። «ግን ለኮማንደሩ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። የልጄ ጉዳይ ገና አላለቀም፣ ወሬ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እዚያ ላይ ያንቺ ጥርጣሬ እውነት አለው።»

«ሁለት ቁጥርንስ? እንዴት ገና በአንድ ካዝና...»

ሳቅ ያልሆነ ሳቅ ሳቀ። ፋሻውን አሳያት። «ስለማይራገጥ ነዋ! ሁለት ዓመት ሆነው ይኼ አንጓ። ሦስት ቁጥርን ስተኩስ እስከ ትከሻዬ ነው የሚያቃጥለኝ። በዚያ ጥይት የዓመቱን የተኩስ ፈተና ካልወደቅኩ ምን አለ በዪኝ። ለትንንሽ እጆች ነው ያልኩት ለራሴ እጅ ነበር። ይኼን ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።»

ሚስቱ ከበሩ ደፍ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ለእኔም አልነገርከኝም» አለችው።

«ለማን ልንገር? ለተኩስ አሠልጣኝ ሚስት?» ከዚያ ወደ ሳጅኗ ዞረ። «ሂጂ፣ ሳጅን። መጥተሽ መናገርሽ ደግ ነው። ግን ዛሬ ይበቃኛል።»

«ልጄ» አላላትም። እስከ መንገድ ድረስ ያንን ስትሰማ ሄደች።

ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ተደገመ። ጋሼ ዒላማ የዝምድናውን ነገር በጽሑፍ አሳውቆ ከምርጫው ራሱን አገለለ፤ ተኳሽ ሆኖ ብቻ ቀረበ። ሳጅኗ በእያንዳንዱ ጡብ ላይ የብረት ፍሬ ተኮሰች፤ ዶክተሯ እያየች ነው፤ እንድታያት የጠየቀቻት ሳጅኗ ራሷ ናት። ሁለት ቁጥር ከነጨርቁ ሃምሳ አራት ገባ፤ ቀጥሎ ሃምሳ ስድስት። ጡቡን ጨርሶ የወጣም ነበር። ሦስት ቁጥር አርባ ሁለትና አርባ ሦስት ላይ ቆመ፣ አፍንጫው አበባ ሆኖ። በኮምፔርሳቶም በመኪና መስታወትም አሳልፈው ተኮሱት፤ ከልኩ አልወጣም። አምስት መቶ ጥይት ተተኩሶ አንድም አልነከሰም። ዶክተሯ ከጄሉ ያወጣችውን አንዱን በወረንጦ ይዛ ብዙ አየችው። «ይኼ ቢሆን ኖሮ» አለች፤ ሐረጉን ሳትጨርስ አስቀመጠችው።

ሦስት ቁጥር ተመረጠ። እጃቸው ትንሽ ለሆነ ፖሊሶች እጀታው ቀጠን ያለ ሽጉጥ እንዲታዘዝም ኮሚቴው ጻፈ። የሳጅኗ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሯ ገባ። ወንድሟ አዲሱን ጥይት ሲረከብ አንዱን አንስቶ የአፍንጫውን ቀዳዳ አየና «ይቆማል?» ብሎ ጠየቃት። «ይቆማል» አለችው። «ስንት ጊዜ አየሽ?» አላት። «አሥራ ስምንት ጊዜ።» ካዝናውን ሞላና ወጣ።

የዓመቱ የተኩስ ፈተና ቀን ጋሼ ዒላማ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። አንጓውን በፋሻ አጥብቆ አስሯል፤ ዘንድሮ አልሸሸገውም፤ ምልምሎቹ ሁሉ አዩት። ነጥብ ቆጣሪ ሌላ ሰው ነበር። እሱ ግን ዞር ብሎ ፈለጋትና «ሳጅኗ ትቁጠርልኝ» አለ።

በአዲሱ ጥይት ሃምሳ ተኮሰ። በየተኩሱ መንጋጋው ሲጠብቅ ታየዋለች። ሲያበቃ ወረቀቱን አወረደችው። ለማለፍ አርባ ያስፈልጋል። ክቡ ውስጥ ያሉት ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። አርባኛዋ ቀዳዳ መስመሩ ላይ ናት፤ መስመሩን ከነካች ትቆጠራለች፤ ትንካው አትንካው በባዶ ዐይን አይለይም።

ማጉያ መነጽሯን አውጥታ አጎነበሰች። ልቧ የምትፈልገውን ታውቃለች፤ ስለዚህ ልቧን አላመነችም። ከቀኝ አየችው፣ ከግራ አየችው፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳችው። የቀዳዳዋ ጠርዝ ጥቁሩን መስመር በልቶታል፤ ክር ታህል፣ ግን በልቶታል።

«ይነካል» አለች። «አርባ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ደግመሽ እዪ።»

ቀና ብላ አየችው። እየቀለደ አልነበረም። አጎነበሰችና ደግማ አየች።